ድብልቅ ነው ወይስ ውህድ? ያልገባችሁን ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ኬሚስትሪ ሳስተምር 14 አመት ሆነኝ፣ በየአመቱ ፈተና ሳርም ተማሪ ማርክ የሚጥልበት አንድ ቦታ አለ፣ እሱም ድብልቅና ውህድን መለየት ላይ ነው። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም፣ ትርጉሙንማ በቃላቸው ይወጡታል፣ ከዛ ግን አየር ምንድነው ስትሏቸው ግማሹ ክፍል ውህድ ነው ይላል። ዛሬ ማታ ቁጭ ብያለሁ፣ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ፣ የሚያሳፍር ጥያቄ የለም።

ጥያቄ፦ ቲቸር ነገ ፈተና አለብኝ፣ ባጭሩ ልዩነታቸው ምንድነው?

መልስ፦ ሁለት ነገር ጠይቅ። አንደኛ፣ መጠኑን እንደፈለኩ ማብዛትና ማሳነስ እችላለሁ ወይ? ሁለተኛ፣ የገቡት ነገሮች የድሮ ጸባያቸው አብሯቸው አለ ወይ? ሻይ ላይ አንድ ማንኪያ ስኳርም ጨምር አራትም ጨምር ያው ስኳር ያለበት ሻይ ነው፣ ስኳሩም መጣፈጡን አይተውም፣ ድብልቅ ነው። ውሃ ግን እንደዛ አይደለም፣ 1 ግራም ሃይድሮጅን የሚፈልገው 8 ግራም ኦክስጅን ነው፣ ለ8 ግራሙ ኦክስጅን 2 ግራም ሃይድሮጅን ብትሰጠው አንዱ ግራም ሳይነካ ይቀርሃል እንጂ "ሃይድሮጅን የበዛበት ውሃ" የሚባል ነገር አይወጣልህም። ጸባዩንም እየው፣ ሃይድሮጅን ተቀጣጣይ ነው፣ ኦክስጅን እሳት ያባብሳል፣ ከሁለቱ የወጣው ውሃ ግን እሳት ማጥፊያ ሆነ።

ጥያቄ፦ ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ እኮ ጭራሽ ይጠፋል፣ አይታይም። ታድያ እንዴት ውህድ አልሆነም?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ አይን ስለሚያታልል። አልታየም ማለት ተዋሃደ ማለት አይደለም፣ በጣም ደቆ ተበተነ ማለት ነው። ቅመሰው፣ ጨው ጨው ይላል። ሳህን ላይ አድርገህ ፀሐይ ላይ አቆየው፣ ውሃው ሲተን ጨውህ ተመልሶ ይመጣል። አፍዴራ ላይ የሚሰራው ስራ እኮ ይሄው ነው፣ ጨዋማውን የሐይቅ ውሃ ገንዳ ላይ ያስተኙታል፣ ፀሐይዋ ውሃውን ስትወስድ ጨው ይቀራል፣ ምንም ኬሚካል አልገባበትም። ስለዚህ ጨውና ውሃ አንድ ላይ ድብልቅ ናቸው፣ ጨው ራሱ ግን ውህድ ነው። ሶድየም ውሃ ሲነካው የሚፈነዳ የብረታብረት አይነት ነው፣ ክሎሪን ደግሞ በ1915 በመጀመርያው የአለም ጦርነት ወታደር የጨረሱበት መርዛማ ጋዝ ነው፣ ሁለቱ ሲዋሃዱ ወጥ ላይ የምንነሰንሰው ጨው ሆኑ። ይሄን ተማሪ ፊት ስናገር እስካሁን እኔንም ይደንቀኛል።

ጥያቄ፦ ልጄ 7ኛ ክፍል ነው፣ ወተት ድብልቅ ነው ብሎ ድርቅ አለብኝ። እኔ ደሞ ወተት ወተት ነው፣ ምን ተደባለቀበት፣ ውሃ አልጨመርንበት ብዬ ተከራከርኩት። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ልጅዎ ትክክል ነው፣ ማስረጃውን ግን እርስዎ ከሱ በላይ ያውቁታል። ቅቤ ሲናጥ አይተው የለ? እርጎውን ቅል ውስጥ አድርገው ሲንጡት ቅቤው ተሰብስቦ ይወጣል፣ አዲስ የተፈጠረ ነገር የለም፣ ከመጀመርያውም ወተቱ ውስጥ ተበትኖ የነበረ ስብ ነው። በመናጥ ብቻ መውጣቱ ነው ድብልቅ መሆኑን የሚያሳየው። አንዷ ላም ቅቤዋ ብዙ ነው የሌላዋ ትንሽ ነው እንል የለ፣ ውህድ ቢሆን ኖሮ ካንዷ ላም አንዷ አይለይም ነበር። ወተቱ እርጎ ሲሆን የሚኮመጥጠው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እዛ ላይ የወተቱ ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ስለሚቀየር እሱ ኬሚካዊ ለውጥ ነው። ለልጅዎ ይሄንን ጨምረው ይንገሩት፣ ክፍል ውስጥ ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ መጽሐፉ ላይ ብረትና ድኝ የሚል ኤክስፐርመንት አለ፣ ትምህርት ቤታችን ላብ ስለሌለው አይተነው አናውቅም። ምን እንደሚፈጠር ንገረን

መልስ፦ ላብ የሌለው ትምህርት ቤት ብዙ ነው፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ እንዳየህ አድርጌ ልንገርህ። 7 ግራም የብረት ብናኝና 4 ግራም ቢጫ የድኝ ዱቄት ወረቀት ላይ ታደባልቃለህ። ቀረብ ብለህ ካየኸው ቢጫውም ግራጫውም ለየብቻ ይታያል፣ ማግኔት ስታስጠጋ ብረቱ ተነስቶ ይለጠፋል ድኙ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፣ እስካሁን ድብልቅ ነው። አሁን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ታደርግና አንድ ጫፉን እሳት ላይ ትይዘዋለህ፣ ፍም ሲመስል እሳቱን ታነሳለህ፣ ግን ፍሙ አይጠፋም! ራሱ እየነደደ እስከ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ሁለቱ ሲዋሃዱ ራሳቸው ሙቀት ያወጣሉ። ሲበርድ የምታገኘው ጥቁር ድንጋይ መሳይ ነገር ነው፣ ፈጭተህ ማግኔት ብታስጠጋ አሁን እንደበፊቱ ብረቱ ተለይቶ አይወጣልህም፣ ቢጫ የለም፣ ግራጫ የለም፣ አይረን ሰልፋይድ የሚባል ሶስተኛ ነገር ነው። 7 ለ4 ያልኩህም ዝም ብሎ አይደለም፣ ብረት ብታበዛ የተረፈው ብረት ሆኖ ይቀራል። ደሞ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት አደራ፣ ድኝ ሲነድ የሚያወጣው ጭስ ሳንባ ያቃጥላል። ከተበላሸ የሬድዮ ስፒከር ማግኔት አውጥታችሁ የመጀመርያውን ግማሽ፣ መለየቱን ማለቴ ነው፣ በብረት ብናኝና በዱቄት ወይም በስኳር መስራት ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ ከላይ ስለ ማግኔት ያልከው ግራ አጋባኝ። ልጅ ሆነን ማግኔት በክር አስረን አሸዋ ላይ ስንጎትት ጥቁር ዱቄት ይለጠፍበት ነበር፣ ያ ብረት ነው ወይስ ውህድ?

መልስ፦ በጣም ነው ደስ ያለኝ ይሄን ስለጠየክ። ያ ጥቁር ዱቄት ባብዛኛው ማግኔታይት ነው፣ ማለትም 3 የብረት አቶም ከ4 የኦክስጅን አቶም ጋ የተዋሃዱበት፣ ስለዚህ ውህድ ሆኖም ማግኔት ይስበዋል። "ማግኔት ከሳበው ንጹህ ብረት ነው" የሚለው ህግ እንደማይሰራ ከዚህ ታያለህ። የሚጠየቀው የዛ ነገር ጸባይ ከመዋሃዱ በፊት ከነበረው ተቀየረ ወይ የሚለው ነው። አሸዋውና ጥቁሩ ዱቄት ግን እርስ በርስ ድብልቅ ናቸው፣ ማግኔትህም የለየው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ኦክስጅን ኦ ቱ ነው፣ ሁለት አቶም ተያይዞ ነው ያለው። ውህድ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ውህድ ለመባል ቢያንስ ሁለት አይነት ኤለመንት፣ ማለትም ሁለት አይነት አቶም፣ ያስፈልጋል፣ እዚህ ያለው አንድ አይነት ብቻ ነው። ኦዞንም ሶስት አቶም ቢኖረውም እንደዛው።

ጥያቄ፦ ከጅዳ ነው። እዚህ ወርቅ 21ም 18ም እያሉ ነው የሚሸጡልን፣ ወርቁ ከሌላ ነገር ጋ ቀልጦ አንድ ከሆነ ውህድ አይባልም ወይ

መልስ፦ አይባልም እህቴ፣ ቁጥሩ ራሱ ነው የሚነግርሽ። ንጹህ ወርቅ 24 ካራት ነው፣ 21 ማለት ከ24 እጅ 21ዱ ወርቅ ነው፣ 87.5 በመቶ፣ 18 ደሞ 75 በመቶ። ቀሪው ብዙ ጊዜ መዳብና ብር ነው፣ ንጹህ ወርቅ በጣም ለስላሳ ስለሆነ እንዲጠነክር ይጨምሩበታል። አንጥረኛው መጠኑን እንደፈለገ መቀየር ከቻለ ድብልቅ ነው፣ እንዲህ ያለውን የብረታብረት ድብልቅ ቅይጥ እንለዋለን። በእጅ መለየት አለመቻሉ አያሳስትሽ፣ በርበሬም ከተፈጨ በኋላ ኮረሪማውን ለብቻ አታወጪውም፣ ድብልቅነቱ ግን ያው ነው።

ጥያቄ፦ ውህድ ቋሚ የመፍያ ነጥብ አለው ድብልቅ የለውም ተብለን ነው የተማርነው። ሁሌ ይሰራል?

መልስ፦ ባብዛኛው ይሰራል። አረቄ ሲወጣ የምንጠቀመውም እሱን ነው፣ አልኮሉ 78 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ከውሃው ቀድሞ በብዛት ይተናል። ግን አልኮሉ በክብደት 95.6 በመቶ ገደማ ሲደርስ ውሃውና አልኮሉ አብረው በአንድ ሙቀት መፍላት ይጀምራሉ፣ ከዛ በኋላ መቶ ጊዜ ብታነጥረው አይለይም። እንደ ውህድ ቋሚ የመፍያ ነጥብ አለው፣ ግን ድብልቅ ነው። የ9ኛ ክፍል ፈተና ላይ አይመጣም፣ ዩኒቨርሲቲ ላይ ይመጣል።

ጥያቄ፦ መጀመርያ ይሄን የለየው ማነው?

መልስ፦ ፕሩስት የሚባል ስፔን ውስጥ ይሰራ የነበረ ፈረንሳዊ በ1799 የመዳብ ካርቦኔትን ይዞ ከመሬት የተቆፈረውም ላብ ውስጥ የተሰራውም መጠናቸው አንድ ነው አለ። በርቶሌ የሚባል የተከበረ የአገሩ ልጅ ደሞ የለም መጠኑ ይለዋወጣል ብሎ ቅይጥ ብረት፣ መስታወትና ሶሉሽን (እንደ ጨው ውሃ ያለውን) እያመጣ አመታት ተከራከረው። እነዛ የበርቶሌ ምሳሌዎች ድብልቆች ነበሩ! በአለም የታወቀ ኬሚስት የተጨቃጨቀበት ነገር ነውና ለናንተ ቶሎ ባይገባችሁ አትዘኑ።

ጥያቄ፦ እስከ 8ኛ በአማርኛ ተምሬ 9ኛ ላይ እንግሊዝኛ ሲሆን ሁሉም ተዘበራረቀብኝ፣ ኮምፓውንድ ሲባል ግቢ ነው የሚመስለኝ

መልስ፦ አይዞሽ፣ ብዙ ልጅ ይሄ ያጋጥመዋል፣ ጥፋቱም ያንቺ አይደለም። የአማርኛውን ቃል አጥብቀሽ ያዢው፣ ከእንግሊዝኛው ይልቅ እሱ ይነግርሻል። ዜና ላይ ፓርቲዎች ተዋሃዱ ሲባል የድሮ ስማቸው ጠፍቶ አንድ አዲስ ፓርቲ ሆኑ ማለት ነው፣ ግንባር ፈጠሩ ሲባል ግን ሁሉም ስሙን እንደያዘ አብሮ ይሰራል። ውህድ እንደ መጀመርያው ነው ድብልቅ እንደ ሁለተኛው። ደብተርሽ ላይ ኮምፓውንድ ብለሽ ጎኑ ላይ ውህድ ብለሽ ጻፊ፣ ሚክስቸር ጎን ደሞ ድብልቅ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። አየር ውስጥ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ሁሌ አብረው ነው ያሉት፣ ታድያ ለምን አይዋሃዱም?

መልስ፦ አብሮ መሆን ብቻውን ስለማይበቃ ነው። አየር ውስጥ 78 በመቶው ናይትሮጅን 21 በመቶው ኦክስጅን ነው፣ ግን ሁለቱ የናይትሮጅን አቶሞች በሶስት ቦንድ ተሳስረው ስለተያያዙ እነሱን ማላቀቅ ብርቱ ሙቀት ይጠይቃል፣ ያንን ሙቀት ተራው አየር አያገኝም። መብረቅ ሲወርድ ግን ያገኛል። መብረቁ ባለፈበት መስመር ላይ ሁለቱ ይዋሃዱና ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሆናሉ፣ እሱም ከኦክስጅንና ከውሃ ጋ እየተገናኘ በዝናቡ ናይትሬት ሆኖ ማሳ ላይ ይወርዳል፣ ጤፉም ስንዴውም በስሩ የሚወስደው ይሄንን ነው።