ሻንጣችሁን ፍቱ

የእህቴ ልጅ በመጪው መስከረም ለትምህርት ፈረንሳይ ልትሄድ ነው። ባለፈው ሳምንት ደውላ «አክስቴ፣ ምን ምን ልያዝ?» አለችኝ። በርበሬና ሽሮ ያዢ አልኳት። ቅቤና ቋንጣውን ግን ተዪው። የሥጋና የወተት ውጤት ከእኛ አገር በመንገደኛ ሻንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት አይገባም፤ ኤርፖርት ላይ ይወስዱብሻል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ዋናውን ነገር ሳልነግራት እንደቀረሁ ታወቀኝ። እንደ እሷ ለምትሄዱ ሁሉ እዚሁ ልጻፈው።

እኔ ጨርቃ ጨርቅ ልማር ሊዮን የምትባለው የፈረንሳይ ከተማ የገባሁት በ1985 ዓ.ም. ነው። ክፍል የተከራየሁት ክሩዋ ሩስ በሚባለው ዳገታማ ሰፈር ነበር። ሊዮኖች ሁለት ኮረብታ አላቸው። ፉርቪዬርን «የሚጸልየው»፣ ክሩዋ ሩስን ደግሞ «የሚሠራው» ይሏቸዋል፤ የሐር ሸማኔዎች ሰፈር ነበራ። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ ጣሪያዋ ግን አራት ሜትር ይጠጋል። መጀመሪያ ቅንጦት መስሎኝ ነበር። ለካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እነዚያ ቤቶች ሲሠሩ የታሰበው ለሰው ሳይሆን ለዣካርድ መሸመኛ ነው። መሸመኛው ረጅም ስለሆነ ጣሪያው ከፍ አለለት። ሸማኔው ራሱ ጥግ ላይ በተሠራች የእንጨት ቆጥ ላይ ይተኛል። እኔም ስተኛ የኖርኩት እንደዚያ ዓይነት ቆጥ ላይ ነው።

ሰባት ወር ሙሉ ሻንጣዬን አልፈታሁም። ሸሚዝ ስፈልግ ዚፑን ከፍቼ፣ መዝዤ አውጥቼ፣ መልሼ እዘጋለሁ። መስኮቱ ላይ ጋዜጣ ለጥፌያለሁ። ከጣሪያው አንድ አምፖል ተንጠልጥሏል። «ተምሬ ለምመለሰው ምን አደከመኝ» እል ነበር።

ለልብስ ግን አልሰሰትኩም፤ ያውም ፎቶ ተነስቼ አገር ቤት ለምልክበት ልብስ። ፈረንሳይ ውስጥ «ሶልድ» የሚሉት ቅናሽ በሕግ የተወሰነ ጊዜ አለው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በብርዱ አንዴ በሙቀቱ። ሱቁ ከገዛበት ዋጋ በታች እንዲሸጥ የሚፈቀድለት ያኔ ነው። ጥር ላይ ረከሰ ብዬ ሦስት ጫማ ገዛሁ። ሁለቱ ጠበቡኝ። ከፍዬባቸዋለሁና እያነከስኩም ቢሆን አደረግኳቸው።

አንድ ቀን ጎረቤቴ በሬን አንኳኩ። ዕድሜያቸውን በሐር ሥራ ያሳለፉ ጡረተኛ ሴትዮ ናቸው። ከግቢው ሆነው ጋዜጣውን አይተው ኖሮ «ቤቱ እየታደሰ ነው?» አሉኝ። አፈርኩ። ቡና ላፍላ አልኳቸው፤ ግን ወንበሬ አንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ እሳቸው ቤት ሄድን።

እውነቱን ልናገር፣ ስገባ ድሃ መሰሉኝ። አራቱ ወንበሮች አይመሳሰሉም። ጠረጴዛው የቢላ ጠባሳ አለበት። የጣሪያው መብራት ጠፍቶ ሦስት ትንንሽ መብራቶች በየጥጉ በርተዋል። መስኮቱ ላይ ዛፍና እረኛ በቀይ የታተመበት ነጭ የጥጥ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ቱዋል ደ ዡዊ ይባላል። የሙያ ነገር ሆኖብኝ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የፈረንሳይ መንግሥት የሐርና የሱፍ ሠሪዎችን ለመጠበቅ ሲል የታተመ ጥጥ ከ1686 እስከ 1759 እ.ኤ.አ. ከልክሎ ነበር። እገዳው በተነሳ ማግስት፣ በ1760፣ ኦበርካምፍ የሚባል ሰው ዡዊ ላይ ማተሚያውን ከፈተ። እንግዲህ የሐር ሠራተኛዋ ቤታቸው ውስጥ የሰቀሉት የባላንጣቸውን ጨርቅ ነው። ይህን ስላቸው ሳቃቸው አላባራ አለ።

ቡናውን ያቀረቡልኝ ጠርዙ ወርቅማ በሆነ ስስ ስኒ ነው። «እንግዳ ስለሆንኩ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። አይደለም፤ ብቻቸውን ሲሆኑም የሚጠጡት በሱ ነው። የእናቴ ቡፌ ትዝ አለኝ። እዚያ ውስጥ ያሉት ስኒዎች ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ የወጡበት ቀን ግን በጣት ይቆጠራል። በር ላይ የተሰቀለው ጥቁር ሰማያዊ ካፖርታቸው አዲስ መስሎኝ ነበር። ገልጠው አሳዩኝ፤ ገበሩ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። የትከሻው ልክ ስለሆነላቸው ሌላ መግዛት አላማራቸውም።

በሚቀጥለው ጊዜ ነጠላዬን ይዤላቸው ሄድኩ። ለበዓል ብዬ ከሻንጣው ግርጌ ያስቀመጥኩት ነው። ሰው ሁሉ ጥለቱን አይቶ «ውብ ነው» ይላል። እሳቸው ግን ገለበጡት። በጀርባው በኩል ክሩን በጥፍራቸው እየተከተሉ ሄዱ፤ መነጽር አምጥተው ደግመው አዩት። «ይህን የሠራው ሰው አልቸኮለም» አሉ። ሽሮ ሜዳ ስመላለስ ኖሬ እኔ አንድም ቀን ገልብጬ አይቼው አላውቅም፤ የጨርቃ ጨርቅ ተማሪ ነኝ እኮ! የዚያን ዕለት ማታ ሻንጣዬን ፈታሁ። ነጠላውን መጋረጃ አላደረግኩትም፤ እንዲያ የሚያደርጉ አይቻለሁ፣ እኔን ይከብደኛል። ወንበሩ ላይ ጣል አድርጌው ማታ ማታ ለብሼው አጠናሁ።

ስለዚህ ሻንጣችሁን በመጀመሪያው ሳምንት ፍቱት። ለመጋረጃ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። እሑድ ጠዋት ሰፈርተኛው ዕቃውን መንገድ ላይ ዘርግቶ የሚሸጥበት ገበያ አለ፤ ቪድ ግሬኒዬ ይሉታል፣ «ቆጥ ማራገፊያ» እንደማለት ነው። አቤ ፒዬር የሚባሉ የካቶሊክ ቄስ በ1949 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ኤማዩስ የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅትም በየከተማው ሰው የሰጠውን ወንበርና ካፖርት በርካሽ ይሸጣል። ካፖርት ስትመርጡ ትከሻውን እዩ፤ እጅጌና ወገብ በልብስ ሰፊ ይስተካከላል፣ ትከሻ ግን መከራ ነው። የመስኮቱን ልክ ለክታችሁ ውጡ። እኔ በግምት ገዝቼ እስከ ግማሽ የደረሰ መጋረጃ ሰቅያለሁ።

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ ቦንዡር በሉ። ያለ ቦንዡር ዳቦ መጠየቅ ሰው ቤት ገብቶ ጤና ይስጥልኝ ሳይሉ ቁጭ እንደማለት ነው። እኔ ወር ያህል ዳቦ ቤቷ ለምን እንደምትኮሳተርብኝ ሳይገባኝ ኖሬያለሁ። «ቱ» እና «ቩ» ግን አያስጨንቋችሁ። አንተና እርስዎ ሲባል ላደገ ሰው ቀላል ነው፤ ጎረቤቴን አራት ዓመት ሙሉ ቩ ብያቸዋለሁ፣ እሳቸውም እኔን። ባጌት የሚሉትን ረጅም ዳቦ ጫፉን መንገድ ላይ ቆርሳችሁ ብሉ፤ ነውር አይደለም፣ ሁሉም ያደርገዋል።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ አስቀድሜ ላክሁላት። በማግስቱ መለሰች፦ «እሺ አክስቴ፣ ገብቶኛል። ግን ቅቤው የምር አያልፍም?»