«ከትምህርት ውጪ ቀኑን በምን ታሳልፋላችሁ?» ላልሽው፣ ከታምፔሬ

እህቴ፣ ኦገስት መጨረሻ ላይ ለማስተርስ ወደ ፊንላንዷ ከተማ ታምፔሬ እንደምትመጪ ጽፈሽ «ጨለማው ያሳምማል፣ ሕዝቡም አይናገርም ብለው አስፈራሩኝ፤ ከትምህርት ውጪ ቀኑን በምን ታሳልፋላችሁ?» ብለሻል። እኔ ማስተርሴን እዚሁ ጨርሼ አሁን ዶክትሬት ላይ ነኝ። አምስተኛውን የበረዶ ወቅት እያገባደድኩ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የሚያምታታሽ ሰዓቱ ነው። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው በፀሐይ ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ሲባል ነጋ ማለት ነው። እዚህ ዲሴምበር ላይ ፀሐይ የምትወጣው በኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 3 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው፣ 9 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። ጁን ላይ ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሳይሞላ ወጥታ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ትገባለች። በበጋቸው ከአዲስ አበባ ጋር ሰዓታችን አንድ ነው። አንድ ጁን ላይ እናቴ ከመተኛቷ በፊት ደወለችልኝ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር። እሷ ዘንድ ድፍን ጨለማ፣ እኔ ዘንድ ፀሐይ መስኮቱን ሞልታዋለች። ስልኩን አዙሬ ሳሳያት «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጁን ሲገባ «እስቲ ፀሐይዋን አሳዪኝ» ትለኛለች፤ የሁለታችን ጨዋታ ሆኗል።

ከጨለማው ሁሉ የሚከብደው ኖቬምበር ነው። በረዶ ገና አልጣለም፣ መሬቱ ጥቁር፣ ሰማዩ ግራጫ ነው። በረዶው ሲጥል ግን የመንገድ መብራቱ ከነጩ ላይ እየተንጸባረቀ ከተማው በአንድ ሌሊት ይፈካል። እኔ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ይህን ስላላወቅሁ ኖቬምበርን አልጋ ላይ አሳለፍኩት። አንቺ እንደዚያ እንዳታደርጊ። ቫይታሚን ዲሽን ዋጪ፣ ቀን ብርሃን ባለበት ሰዓት ሃያ ደቂቃም ቢሆን ወጥተሽ ተራመጂ፣ ኮትሽ ላይ ሄያስቲን አንጠልጥዪ። ሄያስቲን የመኪና መብራት ሲያርፍበት የሚያበራ ትንሽ ነገር ነው፤ እግረኛ በጨለማ እንዲይዘው የትራፊክ ሕጉም ያዛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አገር ቤት ጨዋታ ማለት ወሬ ነው። ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ አፍ ይፈታል። እዚህ ጨዋታ የሚጀምረው ከሥራ ነው፤ ሰው ጎን ለጎን ሆኖ አንድ ነገር ይሠራል፣ ወሬው ቆይቶ ይመጣል፣ ላይመጣም ይችላል። ደውሎ «ነይ እንጫወት» የሚልሽ ሰው ብትጠብቂ ትጎጃለሽ። ይልቅ አንድ ቦታና አንድ ቀን ምረጪና ሳታጓድዪ ሂጂ። ፊንላንዳዊ የሚቀርብሽ ደጋግሞ ሲያይሽ ነው።

የኔ ቦታ ሳውና ነው። አምስት ሚሊዮን ተኩል በሆነ ሕዝብ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሳውና ያለበት አገር ነው፤ በ2020 ዩኔስኮም የሳውና ባህላቸውን መዝግቦታል። ታምፔሬ ውስጥ ፒስፓላ ሰፈር ያለው ራያፖርቲ ከ1906 ጀምሮ ሲነድ የኖረ፣ በአገሩ እስካሁን ከሚሠሩት የሕዝብ ሳውናዎች ሁሉ አንጋፋው ነው። እዚያ ሴትና ወንድ ለየብቻ ነው፣ ልብስ አይለበስም። ይህ ካሳፈረሽ (እኔን አሳፍሮኝ ነበር) ናሲያርቪ ሐይቅ ዳር ባለው ራውሃኒየሚ ጀምሪ፤ እዚያ ሁሉም በዋና ልብስ ነው። ቀድመሽ ሻወር ትወስጃለሽ፣ ትንሽ ፎጣ አንጥፈሽ ትቀመጫለሽ፣ ከላይኛው መደብ ይልቅ ከታች ትጀምሪያለሽ፤ ሙቀቱ ወደ ላይ ነውና። በትኩሱ ድንጋይ ላይ ውኃ ሲቸለስ የሚነሳውን እንፋሎት ሎይሉ ይሉታል። ጆሮሽን ሲያቃጥልሽ አትደንግጪ፣ ጎንበስ በዪ።

ከዚያ ሐይቁ አለ። በረዶ ሆኖ ደርቋል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን እንዳይረጋ ውኃውን እያንቀሳቀሱ ቀዳዳ ትተውለታል፣ አቫንቶ ይባላል። መሰላል አለው። የሱፍ ኮፍያሽን እንዳደረግሽ አየር በረጅሙ እያስወጣሽ ትወርጃለሽ። ቀዝቃዛው ደረትሽን ሲይዝሽ እንደገና ወደ ውጭ ተንፍሺ። አሥር ሴኮንድ ይበቃል። ስትወጪ ቆዳሽ ይነዳል፣ ጭንቅላትሽ ውስጥ ሲብላላ የከረመው ሁሉ ጸጥ ይላል። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ካለብሽ ግን ሐኪም ሳትጠይቂ እንዳትሞክሪው።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ ራውሃኒየሚ መሄድ ስጀምር አንዲት ግራጫ የሱፍ ኮፍያ የሚያደርጉ እናት ሁልጊዜ አንድ ጥግ ይቀመጡ ነበር። አራት ሐሙስ ራሳቸውን ብቻ ነቅነቅ አደረጉልኝ። በአምስተኛው ፈቀቅ ብለው መደቡን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ፣ ተቀመጥኩ። የየት አገር ሰው እንደሆንኩ ጠየቁኝ። «ኤቲዮፒያ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ውኃ ጨለፉ፣ ድንጋዩ ላይ ቸለሱ፣ ድንጋዩ ጮኸ፣ እንፋሎቱ ወጥቶ ትከሻችን ላይ ወረደ። ከዚያ «ቲሩነሽ ዲባባ» አሉ።

ልቤ ቀጥ አለ። በኦገስት 2005 የሄልሲንኪው የዓለም ሻምፒዮና ጊዜ ኦሊምፒክ ስታዲየም ገብተው ነበር። ጥሩነሽ መጀመሪያ 10,000ውን፣ በሳምንቱ 5,000ውን ስታሸንፍ በዓይናቸው አይተዋል። 5,000ው ላይ ከአንደኛ እስከ አራተኛ የወጡት የኛ ልጆች ነበሩ፤ እሳቸው ያንን በእርጥብ ጣቶቻቸው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብለው ቆጠሩልኝ። እኔ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያንኑ ሩጫ ጎረቤት ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ፣ ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጋር እየጮህኩ ነው ያየሁት። ይህን በተሰባበረ ፊንላንድኛ ነገርኳቸው። በቀጣዩ ሐሙስ ደግሞ የ1980ውን የሞስኮ ኦሊምፒክ አነሱ፤ 10,000 ላይ የኛው ምሩፅ ይፍጠር አንደኛ፣ የእነሱ ካርሎ ማኒንካ ሁለተኛ። ሩጫ የሚያውቅ ሕዝብ ነው፤ ፓቮ ኑርሚን ያፈራ አገር ነውና የኛን ሯጮች ስም ከብዙ ሰው አፍ ትሰሚያለሽ። እኚያ እናት እስካሁን ሐሙስ ሐሙስ አሉ። በየጊዜው አንድ አዲስ ቃል ያስተምሩኛል፣ በሚቀጥለው ይጠይቁኛል። ከፊንላንድኛዬ ግማሹ ከክፍል የመጣ ነው፣ ግማሹ ከዚያ መደብ።

ቡና ላይ ደግሞ አታስቢ። በነፍስ ወከፍ ብዙ ቡና ከሚጠጡ የዓለም ሕዝቦች ተርታ ናቸው፤ ቆላቸው ግን ፈዘዝ ያለ ነው። እኔ ጥሬ ቡና ከቤት አስመጥቼ የቢሮ ጓደኞቼን ቅዳሜ 11 ሰዓት ብዬ ጠራሁ። 11 ሰዓት ላይ አራቱም በር ላይ ናቸው። ጫማቸውን ሳይነገራቸው አወለቁ። አንዷ ፑላ ይዛ መጣች፤ ሄል የገባበት ጣፋጭ ዳቦ ነው፣ ሽታው ልክ የበዓል ሻይ። ሦስት ጊዜ እንደሚጠጣ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብዬ አስረዳኋቸው። ብዙም ሳያወሩ በረካውን ጠጥተው ሄዱ። ሰለቻቸው ብዬ አዘንኩ። ሰኞ ግን አንዱ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ «ቀጣዩ መቼ ነው?» አለኝ። አሁን በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። በነገራችን ላይ ቡናውን ስትቆዪ የማብሰያውን አየር መሳቢያ ክፈቺ፣ መስኮትም ክፈቺ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጆሮ ይበሳል።

ምግብን በተመለከተ፣ ምሳ በተማሪ መታወቂያ ግቢ ውስጥ ሦስት ዩሮ ገደማ ነው፣ የጾም የሚሆን ከአትክልት ብቻ የተሠራም ታገኛለሽ። የከተማው ኩራት የሆነው ሙስታማካራ በደም የሚሠራ ቋሊማ ስለሆነ የማትበዪ ከሆነ ቀድመሽ እወቂው። ፒይማ የሚሉት አሬራን ይመስላል። ሩይስ (በእንግሊዝኛ ራይ) ከሚሉት እህል የሚጋገረው ዳቦአቸው በእርሾ የቦካ፣ የሚጎመዝዝ ነው፤ እንጀራ ሲናፍቅሽ ጎምዛዛነቱ ትንሽ ያስታግሳል።

ሜይ 1 ቫፑ የሚሉት በዓል ነው። ተማሪው በቀለም የተለየ ቱታ ለብሶ ከተማውን ያጥለቀልቀዋል። ለዚያ ቀን ሲማ ይጠመቃል፤ ድሮ የማር ጠጅ ነበር፣ ዛሬ ከሎሚ፣ ከስኳርና ከእርሾ ይሠሩታል። ጠርሙሱ ውስጥ ጥቂት ዘቢብ ይጨመራል፤ ዘቢቡ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ ሲማው ደረሰ ማለት ነው። እኔ ጠርሙሱን ፍሪጅ ከፍቼ ከፍቼ ስመለከት የአያቴን የጠጅ ጋን እያሰብኩ ነበር፣ እሷም ክዳኑን እያነሳች ታዳምጥ ነበር።

ስትደርሺ ግን ሴፕቴምበር ስለሚገባ ከሁሉ የሚቀድመው ጫካ ነው። ሕጋቸው የማንም ጫካ ቢሆን ገብተሽ ፍሬ እንድትለቅሚ ይፈቅድልሻል፣ ከሰው ግቢ አጠገብ እስካልሆነ ድረስ። ፑኦሉካ የሚባለው ቀይ ጎምዛዛ ፍሬ ያኔ ይደርሳል። እንጉዳይን ግን ከሚያውቅ ሰው ጋር ካልሆነ እንዳትነኪ። የበረዶ ሸርተቴ ጫማም ሆነ ወፍራም ኮት አዲስ አትግዢ፤ ኪርፒስ በሚባሉት የአሮጌ ዕቃ መሸጫዎች በጥቂት ዩሮ ታገኛለሽ። ሜትሶ የሚባለው ዋናው ቤተ መጻሕፍት ካርዱን በነጻ ይሰጥሻል፤ ሲደብርሽ ሙቅ ነው፣ ማንም «ምን ፈልገሽ ነው?» አይልሽም።

ሻንጣሽ ውስጥ አንድ የዋና ልብስና አንድ የሱፍ ኮፍያ ጨምሪ። ከደረስሽ በኋላ በመጀመሪያው ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ራውሃኒየሚ በር ላይ እጠብቅሻለሁ፤ በኛ አቆጣጠር ነው ያልኩሽ። እኚያ እናትም ይኖራሉ፣ ጥግ ላይ ግራጫ ኮፍያ ታያለሽ።