ተኝቶም ባትሪ የሚጨርሰው ቦርድ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ የችግኝ አፈር እርጥበት ለክቶ በዋይፋይ የሚልክ መሣሪያ ኢኤስፒ32 በሚባለው ዋይፋይ ያለው ቺፕ ሠርቻለሁ። በየ15 ደቂቃው ነቅቶ 5 ሰከንድ ያህል ይሠራና ዲፕ ስሊፕ (ጥልቅ እንቅልፍ) ይገባል። ቺፑ ሲተኛ 10 ማይክሮአምፕ ነው የሚበላው ይባላል። የኔ 2500 ሚሊአምፕ ሰዓት ባትሪ ግን ከሳምንት ብዙም አያልፍም። ኮዱ ላይ ምን አጠፋሁ? (ከሀዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ኮድሽ ደህና ነው። 10 ማይክሮአምፑም እውነት ነው፤ ግን የቺፑ ብቻ ነው። ባትሪሽ የሚመግበው ቦርዱን በሙሉ ነው።

ዋናው በላተኛ ሬጉሌተሩ፣ ማለትም የባትሪውን ቮልቴጅ ለቺፑ ወደ 3.3 የሚያወርደው ክፍል ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ቦርዶች ላይ ያለው ኤኤምኤስ1117 ነው። እሱ ሥራ ሳይኖረው እንኳ ወደ 5 ሚሊአምፕ ይወስዳል፤ ከተኛው ቺፕ 500 እጥፍ ማለት ነው! ካፓሲቲቭ የእርጥበት ሴንሰር 3.3 ቮልት ላይ በቋሚነት ከታሰረ ሌላ 5 ሚሊአምፕ ገደማ ይጨምራል። የፓወር መብራቱም አለ። ድምሩን 12 ሚሊአምፕ ብንለው 2500 ለ12 ሲካፈል 208 ሰዓት ነው፤ ዘጠኝ ቀን አይሞላም። በዚያ ላይ ይህ ሬጉሌተር 3.3 ለመስጠት ከዚያ 1 ቮልት ያህል ከፍ ያለ ግቤት ይፈልጋል። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ሞልቶም 4.2 ነው። ስለዚህ ዋይፋይ ሲነሳ ቮልቴጁ ይወርድና ቦርዱ ሪሴት ያደርጋል፤ ባትሪው ገና ሳያልቅ ያለቀ ይመስልሻል።

ሬጉሌተሩን ቀይሪው። ኤችቲ7833 እስከ 500 ሚሊአምፕ ይሰጣል፣ ራሱ የሚበላው ጥቂት ማይክሮአምፕ ነው። መብራቱን ንቀይው። የሴንሰሩን ፓወር ፒን 25 ላይ አገናኚ፤ ሲነቃ ሃይ (ፓወር ይሰጣል)፣ ለክቶ ሲጨርስ ሎው (ይቋረጣል)። ንባቡን እንደ 34 ባለ የኤዲሲ1 ፒን ውሰጂ (ኤዲሲ የሴንሰሩን ቮልቴጅ ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል ነው)፣ ምክንያቱም የኤዲሲ2 ፒኖች ዋይፋይ ሲበራ አያነቡም።

ይህ ሲስተካከል ወጪው የንቃት ሰዓቱ ይሆናል። በአማካይ 100 ሚሊአምፕ ለ5 ሰከንድ በየ15 ደቂቃው ማለት 0.56 ሚሊአምፕ ነው፤ በስሌት ስድስት ወር ይሄዳል። ግን አፈር በ15 ደቂቃ አይደርቅም! እኔ ብሆን በየሰዓቱ ለክቼ፣ ስድስቱን ልኬት አጠራቅሜ አንዴ እልካለሁ። ልኬቶቹን አርቲሲ ሜሞሪ ላይ፣ ማለትም ቺፑ ሲተኛም በማይጠፋው ትንሽ ሜሞሪ ላይ አስቀምጪ። ዋናው ራም በዲፕ ስሊፕ ይጠፋል፣ ኮዱም ሲነቃ ከሴትአፕ፣ ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው።

ከዚያ በቴስተር ለኪ። ቴስተሩን በባትሪውና በቦርዱ መካከል አስገቢ። ማይክሮአምፕ ላይ አድርገሽ ቦርዱ ከነቃ ግን ወይ ሪሴት ያደርጋል ወይ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። ስለዚህ ሁለቱን የቴስተር ጫፎች በአጭር ሽቦ አገናኝተሽ አስነሺው። ሲተኛ ሽቦውን አንሺና አንብቢ፤ ከመንቃቱ በፊት መልሺው። ከግማሽ ሚሊአምፕ በላይ ካሳየሽ አሁንም ያልተኛ ነገር አለ። መጀመሪያ ሴንሰሩን ነቅለሽ እዪ።