መስታወቱ ላይ ልውጣ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ባሕር ዳር ልብስ ሱቅ አለኝ። በቅርቡ ዕቃ ላመጣ ቻይና እሄዳለሁ። ወንድሜ ሁናን ውስጥ ቻንግሻ ነው የሚማረው፣ እዚህ ድረስ መጥተሽማ የዣንግጂያጂን የመስታወት ድልድይ ሳታዪ አትመለሺም ብሎ ይዞኛል። ቪዲዮውን ልኮልኝ ገና በስልክ ሳየው መዳፌን አላበኝ። እኔ እኮ የጢስ ዓባይን ተንጠልጣይ ድልድይ እንኳን የተሻገርኩት የሰው ልብስ ጨብጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው። መስታወቱ አይሰበርም ወይ? ልጆቼ ከወዲሁ ይስቁብኛል። ምን ትሉኛላችሁ?
ፈሪዋ ነጋዴ

መልስ፦ እህቴ፣ እኔን ያስፈራኝ መስታወቱ ሳይሆን ዓይንሽን ጨፍነሽ መሻገርሽ ነው። እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ መስታወቱ። የፊት መስታወቱ ጠጠር መቶት እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀ ሚኒባስ ከተማችን ውስጥ ሞልቷል። ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም፣ ሹፌሩም ወራት ይነዳበታል (ደግ አደረገ አላልኩም)። የማይረግፈው በመስታወቶቹ መሀል የሚያጣብቅ ስስ ፕላስቲክ ስላለ ነው። የድልድዩም ዘዴ ይኸው ነው፤ የዣንግጂያጂው ደግሞ ወፋፍራም መስታወት ሦስት ድርብ ሆኖ ነው የተሠራው። አንዱ ቢሰነጠቅ የቀሩት ይሸከማሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከመከፈቱ በፊት ሰው ጋብዘው በመዶሻ አስቀጥቅጠውታል፣ በተሰነጠቀው ላይ ሰው የጫነ መኪናም ነድተውበታል። ምንም አልሆነም።

ርዝመቱ 430 ሜትር ነው፤ አዲሱ የዓባይ ድልድያችን 380 ነው። ከፍታው ግን ወደ 300 ሜትር ይጠጋል፣ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ስድስት ጊዜ ብትደራርቢው እንኳን አይደርስበትም።

አልዋሽሽም፣ ሁሉም የመስታወት ድልድይ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ጂሊን በሚባለው የቻይና ክፍለ ሀገር በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የደረሰ ነፋስ የአንዱን ድልድይ መስታወቶች ገንጥሎ ጣላቸው፣ አንድ ሰው መሀል ላይ ብረት ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ቀረ። ደግነቱ በሕይወት ወጣ። ስለዚህ ነፋስና ዝናብ ባለበት ቀን የቲኬቱ ብር ይቅር፣ አትውጪ። ግፊያም አለ። ዣንግጂያጂ በቀን ለ8,000 ሰው ታስቦ ተሠርቶ የሚመጣው ሰው ከዚያ አሥር እጥፍ ስለሆነ፣ በተከፈተ በ13ኛው ቀን ለጊዜው ተዘግቶ ነበር። የእነሱ ትልቁ የዕረፍት ሳምንት የሚጀምረው በእኛ የግሸን ማርያም ሰሞን ነው፤ በዚያ ሳምንት እንዳትሞክሪው።

አሁን ወደ ጉልበትሽ። ሰው ቀጥ ብሎ የቆመ ቢመስለውም ሰውነቱ ሁልጊዜ በትንሹ ይወዛወዛል። ዓይን በቅርብ ያለ ነገር እያየ ነው ሚዛኑን የሚያስተካክልለት። ዙሪያው ገደል ሲሆን ዓይን የሚይዘው ያጣል፣ ያኔ ራስሽን ያዞርሻል፣ ጉልበትሽም ይከዳሻል። ስትጨፍኚማ ከመርጃዎችሽ አንዷን በገዛ እጅሽ ጣልሻት ማለት ነው! መደገፊያውን ያዢ፣ የወንድምሽን ጀርባ እያየሽ ሂጂ፣ መጀመሪያ መስታወቶቹ ባረፉበት ብረት ላይ ርገጪ። ቁልቁል የምታዪው ቆመሽ፣ ትንፋሽሽ ሲረጋጋ ነው። ታኮ ጫማሽን ሆቴል ተዪው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ሄቤ በሚባለው ክፍለ ሀገር ያለ አንድ የመስታወት መንገድ ሰው ሲረግጠው የተሰነጠቀ የሚመስል ምስልና ድምፅ ተገጥሞለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ አስጎብኚ እዚያ ላይ ወድቆ ሲርበተበት የሚያሳየው ቪዲዮ ዓለምን ካዳረሰ በኋላ ባለቤቶቹ ይቅርታ ጠይቀዋል። ወንድምሽ ይህን ቪዲዮ ልኮልሽ ከሆነ ተሸውደሻል።

እኔ ሂጂ ነው የምለው፣ ግን ልጆቹ ስለሳቁብሽ አይሁን። ከመሄድሽ በፊት አንድ እሑድ ይዘሻቸው ጢስ ዓባይ ውረጂ፣ ተንጠልጣዩን ዓይንሽን ገልጠሽ ተሻገሪው። ማን እንደሚፈራ ያኔ ይለያል።

ጥያቄ፦ ለምን ጢስ ዓባይ ላይም የመስታወት መመልከቻ አይሠራም? ቱሪስት ይጎርፍ ነበር።
ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ወንድሜ፣ መስታወቱ ቢሠራ ውኃውስ? የጢስ ዓባይ ሁለተኛው ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ሲጀምር ከፏፏቴው ብዙ ውኃ ወሰደ፣ በ2010 ደግሞ ጣና በለስ ከሐይቁ በሌላ በኩል መቅዳት ጀመረ። በበጋ ስትሄድ አለት ነው የምታየው። በክረምት ውኃው ሲሞላ ደግሞ ጢሱ ሁሉን ያረጥበዋል፣ እርጥብ መስታወት ላይ መንሸራተት ነው ትርፉ። ገንዘቡ ከተገኘ እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ ቀጥሎ ለቁልቁለቱ መደገፊያ ብረት አሠራበታለሁ።