ልጄን ሌሊት በስልኩ ነውር ሲያይ አገኘሁት

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። የ15 ዓመት ልጄ ሌሊት የዝሙት ፊልም ሲያይ ደረስኩበት። ጮኽኩበት፣ ስልኩንም ነጠቅሁት፤ ከዚያ ወዲህ ዐይኔን ማየት ትቷል። በውጭ አገር ዕድሜ ሳይረጋገጥ እንዲህ ያለ ነገር አይከፈትም ሲባል ሰማሁ። እኔ ምን ላድርግ? መቁረብስ ይችላል?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ የሰሙት እውነት ነው። በብሪታንያ ከሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እነዚህ ድረ ገጾች የተመልካቹን ዕድሜ በመታወቂያ፣ በክሬዲት ካርድ ወይም በፊቱ ምስል እንዲያረጋግጡ ይገደዳሉ። እምቢ ያለ እስከ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም ከዓለም አቀፍ ገቢው እስከ 10 በመቶ ሊቀጣ ይችላል። ሕጉን እደግፋለሁ፤ ሕፃን ሳይፈልገው ከሚገጥመው ክፉ ነገር ይጋርደዋል። ግን ብዙዎች ወዲያው በቪፒኤን (ያሉበትን አገር በሚደብቅ መተግበሪያ) ዞረው አልፈውታል። ደግሞም ሕጉ 18 ዓመት የሞላውን ያሳልፋል፤ ጌታችን ስለሚመኝ ዐይን ሲያስተምር (ማቴ. 5፥28) ዕድሜ አልለየም። አባቱም የራሱን ስልክ ይመርምር።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ልጁ ከፊልሙ የሚማረው ነው። እዚያ የሚታየው ገንዘብ የተከፈለበት ትወና ነው፤ መተፋፈር የለም፣ ፈቃድ መጠየቅ የለም፣ ማነቅና መምታት እንኳ ደስታ መስሎ ይቀርባል። ተመራማሪዎች ስለ ተጽዕኖው መጠን ይከራከራሉ። እኔ ግን ሊያገቡ የተቃረቡ ወጣቶችን ሳነጋግር፣ የዚያ ትምህርት ፍርሃትና የተሳሳተ ግምት ሆኖ ሲወጣ ሰምቻለሁ። ይህን ለልጅዎ በግልጽ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል፤ አባቱ ካልደፈረ አጎቱ ወይም የክርስትና አባቱ ይንገረው።

ዐይንዎን የሚሸሸው አፍሮ ነው፤ ኀፍረቱ ሕሊናው እንዳልሞተ ያሳያል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና አይጩኹበት። ስልኩን ይመልሱለት፤ ማታ ማታ ግን የቤተሰቡ ስልክ ሁሉ፣ የእርስዎም ጭምር፣ ሳሎን ይደር። ኢዮብ «ከዓይኔ ጋር ቃል ኪዳን ገባሁ» ያለውን (ኢዮ. 31፥1) አብራችሁ አንብቡ።

ስለ ቁርባን፣ ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ፣ ቀኖናውን ይፈጽም፣ ከዚያ ይቁረብ። ዳግመኛ ቢወድቅም ዳግመኛ ይሂድ። ምን እንደ ተናዘዘ ፈጽሞ አይጠይቁት።

መስከረም 21 ለግሸን ማርያም የሚወጡ ከሆነም ይዘውት ይውጡ። ዳገቱ ረጅም ነው፤ ዐይን ለዐይን ለመተያየት የሚያፍር ልጅ ጎን ለጎን ሲራመድ ይናገራል።