መልስ፦ የቴሌግራም ግሩፓችን ባለቤት ሊለቅ ነው፤ የ5 ዓመት መዝገባችን እንዳይጠፋ ምን እናድርግ?

ከመልቀቁ በፊት ባለቤትነቱን ያስተላልፍ። ወደ አስተዳዳሪዎች ዝርዝር ገብቶ የሚተካውን ሰው ይምረጥ፤ ሁሉንም ፈቃድ ሲያበራለት ከታች የባለቤትነት ማስተላለፊያው ይመጣል። ዋናው እንቅፋት ይህ ነው፦ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከስልክ ኮዱ በተጨማሪ የሚጠየቀውን የይለፍ ቃል) ካበራ ቢያንስ 7 ቀን ካልሞላው ቴሌግራም አይፈቅድለትም። ስለዚህ ዛሬውኑ ያብራው።

ቃለ ጉባኤውንና ፎቶውን ለማውጣት የስልኩ መተግበሪያ አይሆንም፤ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን ቴሌግራም ዴስክቶፕ ተጠቀሙ።

1. ግሩፑን ከፍታችሁ ሦስቱን ነጥቦች ተጫኑና «ኤክስፖርት ቻት ሂስትሪ»ን ምረጡ።
2. ፎቶና ፋይል ላይ ምልክት አድርጉ። የፋይል መጠን ገደቡን ወደ ላይ ግፉት፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው፤ ካልገፋችሁት ትልልቆቹ ፋይሎች ሳይወርዱ ይቀራሉ።
3. ለማንበብ ኤችቲኤምኤል (በኢንተርኔት ማሰሻ የሚከፈተው የፋይል ዓይነት) ይበቃል። ሲጨርስ ከድሮዎቹ ፋይሎች ጥቂቱን ከፍታችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

የአባላት ስልክ ቁጥር ግን በዚህ መንገድ አይወጣም። ስምና ስልክ ለብቻው መዝግባችሁ ቢያንስ ሁለት ሰው ይያዘው። ነፃ አገልግሎት ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጠፋው የአባላት መገናኛ ነው፤ የያሁ የኢሜይል ቡድኖች አገልግሎት የነበረው ያሁ ግሩፕስ እንኳ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ጨርሶ ተዘግቷል። ዝርዝሩን ደግሞ እዚያው ግሩፕ ውስጥ አትለጥፉት።