የልጃችሁን ኤለመንተሪ ትምህርት ቤት በዚሎው ነጥብ አትምረጡ

ቤት የሚገዛ ወይም አፓርታማ የሚቀይር ሀበሻ ወላጅ መጀመሪያ ዋጋውን ያያል። ቀጥሎ ዓይኑ የሚያርፈው ዚሎው ወይም ሬድፊን በሚባሉት የቤት ገበያ ድረ ገጾች ላይ ከትምህርት ቤቱ ስም ጎን በተቀመጠችው፣ ከ10 በምትሰጠው ነጥብ ላይ ነው። 4 ከሆነች ገጹን ይዘጋል፤ 8 ከሆነች ባንክ ይደውላል። እኔ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በተለይ በሜሪላንድ በኩል፣ በየትምህርት ቤቱ ስብሰባ ለወላጆቻችን ሳስተረጉም ዓመታት አሳልፌአለሁ። ለዚች ነጥብ ብለው ከአቅማቸው በላይ ብድር የገቡ፣ አባት ሌሊት ኡበር እናት ደብል ሺፍት ሲሠሩ ልጁን የቤት ሥራ የሚያሠራ ሰው የጠፋባቸው ቤተሰቦች አውቃለሁ።

ነጥቧን የሚሰጠው መንግሥት አይደለም። ግሬትስኩልስ የሚባል ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት የየስቴቱን የፈተና ውጤት ወስዶ ያሰላታል፤ የቤት ገበያ ድረ ገጾቹ ደግሞ ከእሱ ተቀብለው ይለጥፏታል። በፌዴራል ሕግ መሠረት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በንባብና በሒሳብ በየዓመቱ የሚፈትኑት ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉትን ነው። ልጃችሁ ኪንደርጋርደን፣ 1ኛና 2ኛ ክፍል የሚያሳልፋቸው ሦስት ዓመታት በዚህ ፈተና ውስጥ የሉም ማለት ነው። ማንበብ የሚለመደው ግን በእነዚያ ዓመታት ነው።

ትልቁ ችግር ሌላ ነው። ፈተናውን ስንት በመቶው አለፈ የሚለው ቁጥር ከትምህርት ቤቱ ይልቅ ስለ ሰፈሩ ይናገራል። ወላጆቹ ሐኪምና የሕግ ባለሙያ የሆኑበት ሰፈር ልጁ ኪንደርጋርደን ሲገባ ፊደል ለይቶ፣ ቤት ውስጥ ብዙ መጽሐፍ ተነቦለት፣ አንዳንዴም አስጠኚ ተቀጥሮለት ነው። መንገዱን እኩሌታ በመኪና ለመጣ ሯጭ ቀድመህ ደረስክ ተብሎ አይጨበጨብለትም። የስታንፎርዱ ፕሮፌሰር ሾን ሪርደን የመላ አገሪቱን የፈተና ውጤት ሰብስበው ሲመረምሩ ያገኙትም ይህንኑ ነው፦ ልጆች 3ኛ ክፍል ላይ ያላቸው ውጤትና ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚጨምሩት ዕውቀት እምብዛም አይገናኙም። በ2017 ያወጡት ጥናት ብዙ ሰው በመጥፎ ስሟ የሚያውቃት ቺካጎ ከትልልቆቹ ዲስትሪክቶች ሁሉ በልጣ መገኘቷን አሳይቷል። ልጆቿ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ባሉት አምስት ዓመታት የስድስት ዓመት ያህል ትምህርት ቀስመዋል። አጀማመራቸው ግን ዝቅተኛ ስለነበር አማካይ ውጤቱን ብቻ የሚያይ ሰው ይህ አይታየውም።

ስለዚህ ስንቱ አለፈ ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት በዓመት ምን ያህል ጨመሩ ብላችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛው «ግሮውዝ» ይለዋል። መፈለጊያው ቦታ የቤት ገበያ ድረ ገጽ ሳይሆን የስቴቱ የራሱ ሪፖርት ካርድ ነው። እያንዳንዱ ስቴት ለየትምህርት ቤቱ እንዲያወጣ ሕግ ያስገድደዋል፤ ሜሪላንድም፣ ቨርጂኒያም፣ ዲሲም በነፃ የሚከፈት ገጽ አላቸው።

ገጹን ስትከፍቱ ከላይ ባለው አማካይ አትቁሙ። ውጤቱ በቡድን ተከፋፍሎ ይቀመጣል፦ ጥቁር ተማሪዎች፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ፣ እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያሉ። ልጃችሁ የሚቆጠረው ከእነዚህ በአንዱ ወይም በሁለቱ ነው። አማካዩ ያማረ ትምህርት ቤት በእነዚህ ረድፎች ላይ ወገቡ ተቆርጦ ሊገኝ ይችላል፤ መካከለኛ የሚባለው ደግሞ ለእንደ እናንተ ልጅ በጣም ጥሩ ሆኖ ይገኛል። በረድፉ ላይ ቁጥር ካጣችሁ ልጆቹ በጣም ጥቂት ስለሆኑ ማንነታቸው እንዳይታወቅ የተደበቀ ነው። የአንድ ዓመት ውጤትም አይበቃም፤ ሦስት ዓመት አስተያዩ። የ2020ን አትፈልጉ፣ በኮቪድ ምክንያት ፈተናው አልተሰጠም።

እዚያው ገጽ ላይ እኔ ከፈተናው እኩል የማየው ሌላ ረድፍ አለ፦ ከትምህርት ቀኑ 10 በመቶና ከዚያ በላይ የቀሩ ልጆች ብዛት። 180 ቀን በሚማር ትምህርት ቤት 18 ቀን ማለት ነው። ይህ ቁጥር ከአካባቢው ትምህርት ቤቶች ጋር ሲነጻጸር በጣም ከፍ ካለ፣ መምህሩ ትናንት ያስተማረውን ዛሬ እየደገመ ነው የሚውለው። (የእኛም እጅ አለበት። ገናንና ጥምቀትን አገር ቤት እናሳልፍ ብለን ጃንዋሪን ሙሉ የምናስቀር እኛ ነን። እግረ መንገዴን ልናገረው ብዬ ነው።) የመምህራኑን ልምድም እዩ። አብዛኞቹ አዲስ ጀማሪ ከሆኑና ርዕሰ መምህሩ በየሁለት ዓመቱ የሚቀየር ከሆነ አንድ ያልተነገራችሁ ነገር አለ።

ከዚህ በኋላ እግራችሁን አንሱና ሂዱ። ደውላችሁ ትምህርት ቤቱን መጎብኘት እፈልጋለሁ ማለት ነውር አይደለም፤ አገር ቤት የለመድነው «ጥበቃው አያስገባም» እዚህ የለም። መታወቂያ ያያሉ፣ ባጅ ይለጥፉላችኋል፣ አንድ ሰው ይዞ ያዞራችኋል። ሰው በብዛት የሚያደንቀው ሕንፃውንና መጫወቻ ሜዳውን ነው። እኔ የኮሪደሩን ግድግዳ ነው የማየው። በአንድ ክፍል በር ላይ ሃያ አምስት አንድ ዓይነት የታንክስጊቪንግ ተርኪ፣ ያው ቡናማ ወረቀት፣ ያው ብርቱካናማ ላባ ተሰቅሎ ታገኛላችሁ፤ ያ መቀስና ሙጫ ነው። ከጎኑ ባለው ክፍል ደግሞ የ2ኛ ክፍል ልጆች የጻፉት ግማሽ ገጽ ተለጥፏል፦ ፊደሉ የተጣመመ፣ ስፔሊንጉ የተሳሳተ፣ ሐሳቡ ግን የየራሳቸው፤ ከሥሩም መምህሯ በእጇ «ውሻው ለምን ፈራ? አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምር» ብላ ጽፋለች። ልጄን የማስገባው እዚህኛው ክፍል ነው።

1ኛ ክፍል ውስጥ የንባብ ሰዓት ላይ ብትደርሱ ደግሞ ዕድለኛ ናችሁ። ልጁ የማያውቀው ቃል ሲገጥመው መምህሩ ምን ይለዋል? «ሥዕሉን እይና ገምት» ካለው ልብ በሉ። በአሜሪካ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ እንዲህ ነበር የሚያስተምሩት፤ ሥዕል የሌለው መጽሐፍ የሚመጣበት 3ኛ ክፍል ሲደርስ ብዙ ልጅ ይደናቀፋል። ፊደሎቹን በድምፅ እያያያዘ እንዲያነብ የሚያደርግ መምህር ነው የሚፈለገው። ሀ ሁን በዜማ ቆጥረን ያደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት አይከብደንም። አሁን ስቴቶቹ ወደዚህ እየተመለሱ ነው፤ ቨርጂኒያ በ2022 ባወጣችው ሕግ ግዴታ አድርጋዋለች። ስለዚህ ጥያቄያችሁ አጭር ይሁን፦ «ንባብ በምን ፕሮግራም ነው የምታስተምሩት? ወደኋላ የቀረ ልጅስ በስንተኛው ሳምንት ይታወቃል፣ ማንስ ይረዳዋል?» ጥሩ ትምህርት ቤት የፕሮግራሙን ስም፣ የምርመራውን ወር፣ የሚረዳውን ሰው ይነግራችኋል። «ልጆቻችንን በሙሉ እንወዳቸዋለን» የሚል መልስ ብቻ ካገኛችሁ ደግማችሁ ጠይቁ።

ልጁ ከገባ በኋላም ግምገማው አያበቃም። እንዲያውም ትምህርት ቤቱን የምታውቁት በኖቬምበሩ የወላጅና የመምህር ኮንፈረንስ ነው። ሃያ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ጊዜ ነው፤ እኛ ደግሞ ግማሹን በምስጋና እንጨርሰዋለን። ሳስተረጉም ደጋግሜ የማየው እንዲህ ነው። መምህሯ ፈገግ ብላ «በጣም ደስ የምትል ልጅ ናት፣ ክፍሉ ውስጥ ስላለች ደስተኛ ነኝ» ትላለች። እናት «እግዜር ይስጥልኝ፣ አደራ እንግዲህ፣ ልጅሽ ናት» ብላ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ልትነሳ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት ልጅቷ በንባብ ከክፍሏ በታች መሆኗን ይናገራል፤ ማንም አላነሳውም። መምህሯ አልዋሸችም፤ አሜሪካውያን መምህራን ወሬውን በጥሩው ነው የሚጀምሩት፣ ወላጁ ከጠየቀ ደግሞ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። እናቲቱ የምትጠብቀው «ከክፍሉ ስንተኛ ወጣች?» የሚለውን ነው፤ እዚህ ኤለመንተሪ ውስጥ ደረጃ የለም። ደረጃ በሌለበት አገር ምትኩ ጥያቄ ይህ ነው፦ «በንባብም በሒሳብም ከክፍሏ ደረጃ በላይ ናት፣ እኩል ናት ወይስ በታች? በምን ፈተና አወቃችሁ? ወረቀቱን አሳዩኝ።» ጥያቄው አይከፋቸውም። እንዲያውም ዝም የሚል ወላጅ ግድ የሌለው ይመስላቸዋል፤ ለመምህር ያለን አክብሮት መሆኑ አይገባቸውም።

አስተርጓሚ ጠይቁ። እንግሊዝኛ እችላለሁ የሚል ሰው እንኳ የልጁ የንባብ ችግር በእንግሊዝኛ ሲነገረው ግማሹ ያመልጠዋል። ትምህርት ቤቱ ወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማነጋገር የሕግ ግዴታ አለበት፣ ክፍያ የለውም፣ ልጃችሁ ደግሞ አስተርጓሚ መሆን የለበትም። ሜሪላንድ ውስጥ ያሉት የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች መረጃቸውን በአማርኛም ያወጣሉ፤ ዲሲም ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አላት። አንድ ትምህርት ቤት እንዴት ያለ እንደሆነ ለማወቅ ቢሮ ደውላችሁ «አማርኛ እፈልጋለሁ» በሉ። አንዷ ጸሐፊ ወዲያው የስልክ አስተርጓሚ ታገናኛለች፤ ሌላዋ «ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው የለም?» ትላለች። ለጎረቤቴ የመጀመሪያዋን ነው የምመክረው።

ከዚሁ ጋር ሲመዘገቡ የሚሞላ የቤት ቋንቋ ቅጽ አለ። ብዙዎቻችን ልጁ «ሰነፍ ክፍል» እንዳይገባ ብለን እንግሊዝኛ ብቻ ብለን እንሞላለን። እውነቱን ሙሉ። ልጁ ይፈተናል፣ የሚያስፈልገው ከሆነ የኢሶል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ልጆች የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት) መምህር ይመደብለታል፤ አልፈልግም የማለት መብቱም በእጃችሁ ነው። ከዚያ ግን ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፦ የኢሶል መምህሯ ክፍሉ ውስጥ ገብታ ነው የምትረዳው ወይስ ልጁን አውጥታ? አውጥታ ከሆነ በዚያ ሰዓት ክፍሉ ምን እየተማረ ነው? ሒሳብ የሚያመልጠው ከሆነ ሰዓቱ ይቀየር በሉ። በኪንደርጋርደን የገቡት ልጆች በስንተኛ ክፍል ነው ከኢሶል የሚወጡት? 5ኛ ክፍል ድረስ የሚቆዩት ብዙ ከሆኑ ምክንያቱን ስሙ። መምህር «ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩ» ቢላችሁ አትስሙት፤ በአማርኛ በደንብ የሚያወራ ልጅ እንግሊዝኛ አያቅተውም።

ታይትል ዋን የሚል ስም ስትሰሙ አትሽሹ። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ልጆች ለሚበዙበት ትምህርት ቤት ፌዴራል መንግሥት ከ1965 ጀምሮ የሚሰጠው ተጨማሪ ገንዘብ ነው፤ በዚያ ገንዘብ የንባብ ባለሙያ የቀጠሩ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ጥናት ያቋቋሙ አሉ። የሀብታም ሰፈር ፒቲኤ (የወላጆችና የመምህራን ማኅበር) የሚሰበስበው ገንዘብ ግን በብዛት የሚታየው በሜዳውና በዝግጅቱ ላይ ነው።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት አድራሻውን በካውንቲው ትምህርት ቢሮ ድረ ገጽ አስገብታችሁ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚደርሳችሁ ራሳችሁ አረጋግጡ። ደላላው የነገራችሁን አትመኑ፤ ወሰኑ አንዳንዴ በአንድ መንገድ መሐል ያልፋል፣ አዲስ ትምህርት ቤት ሲከፈትም ይቀየራል። የአክስቱን ወይም የጓደኛውን አድራሻ አስመዝግቦ ልጁን የሚያስገባ ወገን እንዳለ አውቃለሁ። ዲሲ ይህን ትመረምራለች፤ ከተማዋ ውስጥ የማይኖር ሆኖ የተገኘ የነዋሪ ያልሆነ ተማሪ ክፍያ ይጠየቃል፣ ልጁም ከመሐል ዓመት ሊወጣ ይችላል።

ዲሲ ውስጥ የምትኖሩ ግን በሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ብቻ አልተወሰናችሁም። «ማይ ስኩል ዲሲ» በሚባለው ሎተሪ ለሌላ ሰፈር የመንግሥት ትምህርት ቤትም ለቻርተርም (በመንግሥት ገንዘብ ግን በራሱ አስተዳደር ለሚሠራ ነፃ ትምህርት ቤት) ማመልከት ይቻላል፤ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 3 ዓመት የሚሞላው ልጅም ለቅድመ ኪንደርጋርደን ይወዳደራል። ከኪንደርጋርደን ጀምሮ የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት መብታችሁ ነው፤ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ ግን እዚያው ሰፈር እየኖራችሁም በሎተሪው ማለፍ ግድ ነው። ማመልከቻው በብርዱ ወራት መግቢያ ተከፍቶ ለኤለመንተሪ በማርች መጀመሪያ አካባቢ ይዘጋል። ትምህርት ቤቶቹን በምርጫችሁ ቅደም ተከተል ጻፉ እንጂ «ይሄኛው አይደርሰኝም» ብላችሁ የምትፈልጉትን ወደ ታች አታውርዱ፤ አንደኛ ላይ ስለጻፋችሁት የሚቀንስባችሁ ዕድል የለም። ቀኑ ካለፈ በኋላ ያመለከተ በየትምህርት ቤቱ የተጠባባቂዎች ዝርዝር መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው።